ግማሹን የምትቆጥር መርፌ

ለቮልስ ስለሚሆን አርፒኤም መለኪያ (የሞተሩን ዙር በደቂቃ ስለሚቆጥረው ሰዓት) እንዳስብ ያደረገችኝ አንዲት ባለ 1200 ሞተር ቮልስ ናት። የባለቤቷ ስሞታ ሦስት ነበር፦ ሞተሩ ቶሎ ይግላል፣ ዳገት ላይ ይዝላል፣ ቤንዚን አይበቃትም። ካርቡራተሩ ሁለት ጊዜ ተፈትቶ ታጥቧል። ካንዴላዎቹ ተቀይረዋል። የዘይት ማቀዝቀዣው ሳይቀር ወርዶ ታይቷል። ሁሉም ደህና ነው፤ መኪናዋ ግን ያው ናት።

ከመሪው ጎን አዲስ አርፒኤም መለኪያ ተገጥሞላታል፤ ዙሪያው የሚያብረቀርቅ፣ ቁጥሩ እስከ 10 ሺህ የሚሄድ። መኪናዋ ቆማ ሞተሩ ሲሠራ መርፌው 850 ላይ ቀጥ ይላል። ለቮልስ ሚኒሞ (ቤንዚን ሳይረገጥ ሞተሩ ለሚዞረው ዙር) ከዚህ የተሻለ ቁጥር የለም። ጆሮ ግን ሌላ ነገር ይሰማል። ከኋላ የሚመጣው የቆመ መኪና ድምፅ አይደለም፤ አንደኛ ማርሽ ሲገባ ደግሞ ጥርሱ ይጮኻል።

መለኪያው ከቦታው ወጥቶ ሲገለበጥ ከጀርባው ትንሽ መቀየሪያ ተገኘች። 4፣ 6፣ 8 ተጽፎባታል። 8 ላይ ነበረች። በካቻቪቴ ጫፍ ወደ 4 ስትገፋ መርፌው ዘልሎ 1,700 ላይ ቆመ።

እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ይህ ቅጽበት ነው። መሣሪያው አልተበላሸም። ሽቦው በትክክል ተገናኝቷል። መርፌው ቤንዚን ሲሰጥ ይወጣል፣ ሲለቀቅ ይወርዳል። ግን የሚያሳየው ግማሹን ነበር። መጀመሪያ ሲገጠም 425 አሳየ፤ ሰው ደግሞ መርፌውን አምኖ 850 እስኪል ድረስ የሚኒሞውን ብሎን አጠበቀ። ሞተሩ በእውነት 1,700 እየዞረ ሁሉም ልክ ነው ብሎ ተቀመጠ።

ስሌቱ ቀላል ነው። በአራት ምት ሞተር አንድ ሲሊንደር እሳት የሚያገኘው በሁለት ዙር አንዴ ነው። ስለዚህ ባለ 4 ሲሊንደር በአንድ ዙር 2 ብልጭታ፣ ባለ 6 ሲሊንደር 3፣ ባለ 8 ሲሊንደር 4 ይሰጣል። መለኪያው የሚቆጥረው ብልጭታውን እንጂ ዙሩን አይደለም። 8 ላይ የተቀመጠ መለኪያ አራት ብልጭታ እስኪሞላለት ይጠብቃል፤ ቮልሷ አራቱን የምትሞላለት በሁለት ዙር ነው። ለአሜሪካ ገበያ የሚሠሩ ብዙ መለኪያዎች ከካርቶናቸው የሚወጡት 8 ላይ ሆነው ነው፤ መቀየሪያዋም ብዙ ጊዜ ከውጭ አትታይም።

የባሰው ጉዳት ግን ሌላ ነው። ታይሚንጉ (እሳቱ የሚነሳበት ቅጽበት) በታይሚንግ መብራት የተስተካከለው በዚያው ከፍ ባለ ሚኒሞ ነበር። በ1,700 ዙር ብልጭታውን ለየሲሊንደሩ በሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ውስጥ ያሉት ክብደቶች መከፈትና እሳቱን ማስቀደም ጀምረዋል። ያ ቅድሚያ የመነሻው ልክ ተደርጎ ሲቆጠር ሞተሩ በየትኛውም ፍጥነት እሳቱ የሚዘገይበት ይሆናል። የዘገየ እሳት ደግሞ ሙቀቱን ለሥራ ሳይሆን ለጭስ ማውጫና ለሲሊንደር ራስ ይሰጣል። ሙቀቱም፣ ድካሙም፣ የቤንዚኑ ፍጆታም ከአንድ ምንጭ ነው። ካርቡራተር ማጠቡ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነበር።

ለቮልስ አርፒኤም ምን ያደርጋል?

ቮልስ ከፋብሪካ ያለ አርፒኤም የወጣችው በምክንያት ነው። ብዙዎቹ የኪሎ ሜትር ሰዓት ላይ ለእያንዳንዱ ማርሽ ቀይ ምልክት አለ፤ ከዚያ አትለፍ ማለት ነው። ሞተሩ ራሱም የሚሮጥ ሞተር አይደለም። ባለ 34 ፈረስ ጉልበቱ 1200 ከፍተኛ ጉልበቱን የሚሰጠው በ3,600 ዙር፣ ከፍተኛ የመጎተት ኃይሉን ደግሞ በ2,000 ዙር ነው። ስለዚህ «ቀዩን መስመር ለማወቅ» ተብሎ አርፒኤም መግጠም ለቮልስ ትንሹ ምክንያት ነው።

ትልቁ ምክንያት ከታች በኩል ነው። ቮልስ ውኃ የላትም፤ የሚያቀዘቅዛት ነፋስ ነው። ነፋሱን የሚሰጠው ቬንትሌተር ደግሞ ከዲናሞው ጋር በአንድ ዘንግ ላይ ተቀምጦ በቺንጋ ከሞተሩ ይዞራል፤ የሞተሩን ዙር ወደ ሁለት እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት። የሞተሩ ዙር ሲወርድ ነፋሱም አብሮ ይወርዳል። በከባድ ማርሽ ቤንዚን እስከ ወለሉ ተረግጦ ዳገት የምትወጣ ቮልስ ብዙ እሳት እያነደደች ጥቂት ነፋስ ታገኛለች። ሲሊንደር ራስ የሚሰነጠቀው፣ የጭስ ማውጫ ቫልቭ የሚቃጠለው በዚህ ዓይነት አነዳድ ነው። በተለይ የሦስተኛው ሲሊንደር፤ የዘይት ማቀዝቀዣው በአሮጌዎቹ ሞተሮች በእሱ በኩል ስለቆመ ነፋሱን ይሻማዋል።

ወደ እንጦጦ የሚወጣ ሰው በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በሦስተኛ ማርሽ ቢሄድ ሞተሩ 1,450 ገደማ ይዞራል። ያንኑ 30 በሁለተኛ ቢሄድ ወደ 2,270 ይደርሳል። ፍጥነቱ አንድ ነው፤ ነፋሱ ግን በግማሽ ያህል ይጨምራል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ሞተሩ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ በላይ አስቀድሞ አጥቷል፤ የ34ቱ ፈረስ ጉልበት እዚህ 26 ገደማ ነው። በጆሮ «ገና ይችላል» የሚባለው ሦስተኛ ማርሽ ባሕር ዳርቻ ላይ እንጂ እዚህ አይችልም። አርፒኤም ለቮልስ የነፋስ መለኪያ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምርጫውም ከዚህ መነሳት አለበት።

የቁጥሩ ልክ

እስከ 10 ሺህ የሚቆጥር መለኪያ ያምራል፤ ለቮልስ ግን አይሆንም። የአብዛኞቹ መርፌ ከዜሮ እስከ ጫፍ የሚሄደው 270 ዲግሪ ያህል ነው። ቮልስ ሕይወቷን የምትገፋው ከ850 እስከ 4,000 ባለው ውስጥ ነው። በ10 ሺህ መለኪያ ላይ ይህ ሁሉ 85 ዲግሪ ውስጥ ይጨናነቃል፤ በ8 ሺህ 106 ዲግሪ ይሆናል፤ በ6 ሺህ ግን 142 ዲግሪ ያህል ይሰፋል። በ1,500 እና በ2,000 መካከል ያለው ልዩነት፣ ማለትም ማርሽ የመቀነስና ያለመቀነስ ውሳኔ፣ በ6 ሺህ ላይ 22 ዲግሪ ተኩል፣ በ10 ሺህ ላይ 13 ዲግሪ ተኩል ነው። 6 ሺህ ከተገኘ እሱን መያዝ፤ 8 ሺህ ከሆነ መጠኑ ትልቅ ይሁን። ከዚያ በላይ ያለውን እንኳን በቅናሽ በስጦታም ቢሆን አልመርጠውም።

በሚበራ አምፖል «ማርሽ ቀይር» የሚሉም አሉ። ሌሊት በአገር መንገድ ላይ ዓይን ያደነግዛሉ፤ የሚበሩበት ዙር ደግሞ ብዙ ጊዜ ቮልስ ፈጽሞ መድረስ የሌለባት ነው።

መጠንና ቦታ

በገበያ ላይ በብዛት ያሉት 52 ሚሊ ሜትር፣ 80 ሚሊ ሜትር፣ 85 ሚሊ ሜትር እና 127 ሚሊ ሜትር ናቸው። 52 ለዘይት ግፊትና ለሙቀት ይበቃል፤ ለአርፒኤም ግን በሚንቀጠቀጥ መኪና ውስጥ ለማንበብ ያስቸግራል። 127 የቮልስን ትንሽ ዳሽቦርድ ይውጠዋል፤ ከኪሎ ሜትሩም ይበልጣል። 80 ልኳ ነው። የጀርመኑ ቪ.ዲ.ኦ የቮልስን የኪሎ ሜትር ሰዓቶች ይሠራ የነበረ በመሆኑ የእሱ 80 ሚሊ ሜትር መለኪያ በፊደሉም በመርፌውም ከነባሩ ጋር ይዛመዳል።

ዳሽቦርድ ስለመቁረጥ አንድ ነገር ልበል። የቮልስ ዳሽቦርድ ቆርቆሮ ነው፤ አንዴ ከተበሳ አይመለስም። ሳይቆረጥ የኖረ ዳሽቦርድ ያላት መኪና እየጠፋች ነው፤ ስለዚህ በመሪው ዘንግ ላይ በቀለበት የሚታሰር ኩባያ ወይም ከዳሽቦርዱ ሥር የሚንጠለጠል መያዣ መምረጥ ይሻላል። ቀድሞ ተበስቶ ከሆነ ግን ያንኑ ቀዳዳ ማስፋት ይቻላል። ከመሰርሰር በፊት የፊት ኮፈኑን ከፍቶ የካርቶን ሽፋኑን ማንሳት ነው፤ የዳሽቦርዱ ጀርባ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ይታያል። የዝናብ መጥረጊያው ሞተርና ዘንጎቹ የት እንደሚያልፉ ማየት፣ የመለኪያውን ጥልቀት ከነሽቦው መለካት፣ መጥረጊያውን አስነስቶ እንደማይነካካ ማረጋገጥ። የቤንዚን ታንኩ እዚያው ነው፤ ብልጭታ የሚያወጣ መሣሪያ ከማስነሳት በፊት ባትሪው ይፈታ። ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ነው፤ እግረ መንገድ ክዳኑ መኖሩን ተመልከቱ። ክዳኑ ከሌለ የወንበሩ ሽቦ ሰው ሲቀመጥ ከባትሪው ጫፍ ጋር ይገናኛል፤ እሳት ያስነሣል።

ሽቦው

አብዛኛው ችግር የሚፈጠረው እዚህ ነው። የጀርመን መኪናዎች የሽቦ ጫፎች በቁጥር ይጠራሉ፤ ይህን የሚያውቅ ሰው ግማሹን ሥራ ጨርሷል። 15 ቁልፍ ሲከፈት ኃይል የሚያገኘው ነው፤ 30 ሁልጊዜ ኃይል ያለው፤ 31 ማሳ፣ ማለትም የመኪናው ብረት፤ 58ቢ የዳሽቦርድ መብራት፤ 1 ደግሞ ከቦቢናው (ለብልጭታው ከፍተኛ ቮልት ከሚፈጥረው ጥቅልል) ወደ ዲስትሪቢዩተር የሚሄደው። መለኪያው አራት ሽቦ ይፈልጋል። ኃይሉ ከ15፣ በ1 ወይም 2 አምፔር ፊውዝ ውስጥ። ማሳው ቀለሙ ተፍቆ ነጭ ብረት በታየበት ቦታ፤ ቀለም ላይ የታሰረ ማሳ መርፌ ያንቀጠቅጣል። መብራቱ ከ58ቢ፣ ከነባሩ ጋር አብሮ እንዲደበዝዝ። የምልክቱ ሽቦ ደግሞ ከቦቢናው ቁጥር 1።

ሞተሩ ከኋላ፣ ዳሽቦርዱ ከፊት ነው። መኪናዋ በሙሉ 4 ሜትር ከትንሽ ስለሆነች ከመጠማዘዣው ጋር 5 ሜትር ሽቦ ይያዝ፤ 1 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ይበቃል። ነባሩ የሽቦ እቅፍ በግራ በኩል ነው የሚያልፈው፤ አዲሱም እሱን ይከተል። በቆርቆሮ በሚያልፍበት ሁሉ የጎማ ቀለበት ይግባለት።

ይህን አጥብቄ የምናገረው በምክንያት ነው። ፑንቲናው (ዲስትሪቢዩተር ውስጥ የቦቢናውን ኃይል የሚከፍትና የሚዘጋው) በተከፈተ ቁጥር ቁጥር 1 ላይ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ለቅጽበት ይዘላል፤ ደካማ ሽፋን ያለው ሽቦ ይበሳል። ሽቦው ተልጦ ቆርቆሮ ከነካ ደግሞ ፑንቲናው ሁልጊዜ እንደተዘጋ ይቆጠራል። ብልጭታ ይጠፋል፤ ሞተሩ ድንገት ይቆማል። መርፌውም ዜሮ ይላል፤ ስለዚህ ሰው የሚጠረጥረው ቤንዚኑን ነው። ለማሳመር የተገጠመ መለኪያ መኪናን መሐል መንገድ ላይ ሊያቆም ይችላል ማለት ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለዚህ ዓይነት ሽቦ ነው።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው፦ ቦቢናው አጠገብ፣ ከጫፉ ብዙ ሳይርቅ፣ በምልክቱ ሽቦ ላይ የ1 አምፔር ፊውዝ ማስገባት። ባለ 12 ቮልት ቦቢና በውስጡ ከ3 ኦም ትንሽ የሚበልጥ መቋቋም ስላለው ሽቦው ማሳ ቢነካ 3 ተኩል አምፔር ያህል ይፈስሳል፤ ፊውዙ ይቃጠላል፤ ሞተሩም እንደገና ይነሳል። መለኪያው ብቻ ይሞታል። ፊውዙ ዳሽቦርዱ ጋ ከተቀመጠ ግን ምንም አይረባም፤ ሽቦው የሚላጠው መሐል ላይ ነውና።

መርፌው በዝቅተኛ ዙር የሚዘል ከሆነ መጀመሪያ ማሳው፣ ቀጥሎ ፑንቲናው ይታይ። የቮልስ ፑንቲና ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ የተበላ ፑንቲና በአንድ መከፈት ሁለት ምልክት ይልካል።

ስድስት ቮልት፣ ኤሌክትሮኒክስ፣ ያገለገለ ዕቃ

እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) የተሠሩ ቮልሶች ባለ 6 ቮልት ናቸው። ባለ 12 ቮልት መለኪያ እዚያ ላይ ይተኛል ወይም ይዋዥቃል። 6 ቮልትን ወደ 12 የሚያሳድግ ትንሽ መሣሪያ ለኃይሉ ብቻ ማስገባት ይቻላል፤ የምልክቱ ሽቦ በቀጥታ ከቁጥር 1 ይመጣል።

ፑንቲናን የሚተካ እንደ ፐርትሮኒክስ ያለ ኤሌክትሮኒክ ከተገጠመ ምልክቱ እንደ ድሮው ከቁጥር 1 ይወሰዳል። እንደ ኤምኤስዲ ያለ ሲዲአይ ሳጥን (ኃይል አከማችቶ በከፍተኛ ቮልት ወደ ቦቢናው የሚለቅ) ካለ ግን ቦቢናውን አትንኩ፤ ሳጥኑ ራሱ የአርፒኤም መውጫ አለው። ቦቢናው ላይ የሚያስገባው ቮልት መለኪያውን ያቃጥላል።

ሶማሌ ተራ ላይ ከአሮጌ ኮሮላ የወጣ አርፒኤም በቀላሉ ይገኛል። መኪናው ካርቡራተር የነበረው ባለ 4 ሲሊንደር ከሆነ መለኪያው ምልክቱን ከቦቢና ስለሚወስድ ቮልስ ላይ ሊሠራ ይችላል። ከኮምፒውተር ምልክት የሚቀበል አዲስ መኪና ላይ የወጣ አይሠራም። ከናፍጣ መኪና የወጣም እንዲሁ፤ ናፍጣ ብልጭታ ስለሌለው መለኪያው የሚቆጥረው ከዲናሞው ወይም ከፓምፑ ነው። የእንግሊዝ ስሚዝስ አሮጌ መለኪያዎች ደግሞ የቦቢናው ኃይል በውስጣቸው አልፎ የሚሄድ፣ ጅረቱን የሚቆጥሩ ዓይነቶች አሏቸው። ያምራሉ፤ ግን ለሌላ አሠራር የተሠሩ ናቸው።

ከመግዛት በፊት፣ ከመንዳት በኋላ

ያገለገለ መለኪያ ሱቅ ውስጥ የሚሞከርበት ጥሩ ዘዴ አለ። የቤታችን መብራት በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። 220 ቮልትን ወደ 12 የሚያወርድ፣ ወደ ቀጥተኛ ጅረት የማይቀይር ትራንስፎርመር ይያዝ። መለኪያው ኃይሉን ከ12 ቮልት ባትሪ ያግኝ፤ የትራንስፎርመሩ አንዱ ጫፍ ከማሳው፣ ሌላው ከምልክቱ ሽቦ ይገናኝ። በሴኮንድ 50 ምልክት በደቂቃ 3,000 ነው፤ በዙር 2 ብልጭታ ለሚቆጥር መለኪያ 1,500 ዙር ይሆናል። መርፌው 1,500 ካለ 4 ላይ ነው፤ 1,000 ካለ 6 ላይ፤ 750 ካለ 8 ላይ። ያቺ ቮልስ ላይ ከመገጠሙ በፊት ይህ ቢደረግ ኖሮ ሞተሩ ያን ሁሉ ጊዜ ባልተቃጠለ። ምንም ካላለ ግን ወዲያው አይጣል፤ አንዳንዱ ለመንቃት ከ12 ቮልት በላይ ምልክት ይፈልጋል።

ከተገጠመ በኋላ ደግሞ መንገድ ራሱ ይመሰክራል። ማርሽ ሳጥኑ ነባሩ ለሆነ 1200፣ ጎማው 5.60 በ15 ወይም 165 በ15 ከሆነ፣ በሦስተኛ ማርሽ 60 ኪሎ ሜትር 2,900 ገደማ ነው። በአራተኛ 90 ኪሎ ሜትር ከ3,000 ትንሽ ያንሳል። በሁለተኛ 40 ኪሎ ሜትር ከ3,000 ትንሽ ይበልጣል። ፍጥነቱን ከስልክ ጂፒኤስ መውሰድ ይሻላል፤ አሮጌ የኪሎ ሜትር ሰዓት ራሱ ይዋሻል። ልዩነቱ ከመቶ አምስት ካልበለጠ መለኪያው ታማኝ ነው። ግማሹን ወይም ሁለት ሦስተኛውን ካሳየ መቀየሪያዋን ፈልጉ።

የሁለተኛው ማርሽ ቁጥር ቁልቁለት ላይም ይጠቅማል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ይወረዳል፤ የቮልስ ፍሬን ብቻውን ያን አይችልም፤ ሞተሩ መያዝ አለበት። በሁለተኛ ማርሽ 50 ኪሎ ሜትር 3,800 ነው፤ 60 ሲደርስ ግን 4,500ን ያልፋል። ቤንዚን ስላልተሰጠ ሞተሩ የሚጮኽ አይመስልም፤ ፒስተኑና ቫልቩ ግን ያንኑ ፍጥነት እየተሸከሙ ነው።

ያቺ ቮልስ ሚኒሞዋ ወደ 850 ወረደ። ዲስትሪቢዩተሯ 009 የሚባለው፣ እሳቱን በክብደቶች ብቻ የሚያስቀድመው ዓይነት ስለነበረ ታይሚንጉ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉ ተከፍቶ፣ በቦቢናው ቁጥር 1 እና በማሳ መካከል በታሰረ አምፖል 7.5 ዲግሪ ላይ ተስተካከለ፤ አምፖሉ ቦግ የሚልበት ቅጽበት ፑንቲናው የሚከፈትበት ነው። መለኪያው በባለ 6 ሺህ ተተካ። መስታወቱ ላይ ከ2,000 እስከ 3,600 ድረስ ቀጭን አረንጓዴ ቴፕ ተለጠፈ፦ ዳገት ላይ መርፌው ከአረንጓዴው በታች ሲወርድ ማርሽ ይቀነሳል።